የጋሽ ደቂቃ ክዳን

ውሸታም ሰው አልወድም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ የማወራላችሁ ስለ አንድ ውሸታም ስለሆነ ነው። ችግሩ ከሱ የሚቀርበኝ ሰው የለኝም።

ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ለሁሉም ነገር "ቆይ፣ አንድ ደቂቃ" ስለሚል ጋሽ ደቂቃ ብለን ስም አወጣንለት፤ ያቺ አንድ ደቂቃው ደግሞ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ሚስት አላገባም። የሚተኛው ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሳህን። ወንበር ግን አራት አለው። አንድ ቀን ፀጉሩን ስቆርጠው፣ ብቻህን ሆነህ አራት ወንበር ምን ያደርግልሃል አልኩት።

"ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ ታያለህ" አለኝ።

ሄድኩ። ቤት ብገባስ ማን ይጠብቀኛል፣ ቴሌቪዥኑ ነው። አንዲት የሰፈር ፋርማሲስትና አንድ ጡረተኛ ሾፌርም ይመጣሉ። ጋሽ ደቂቃ ተረት ይጀምራል፤ እያንዳንዳችን ተረቱ ውስጥ አንድ ሰው አለን፣ ምን እንደሚያደርግ የምንወስነውም እኛ ነን። ይሳካለት አይሳካለት ግን ሃያ ፊት ያለው፣ በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይወስናል። ፋርማሲስቷ ሐኪም ሆነች፣ ተረት ውስጥ እንኳ ከመድኃኒት አልወጣችም። ጡረተኛው ሾፌር መንገድ መሪ ሆነ። እኔ እንጨት ቆራጭ። የጠላትን ዳይስ የሚጥለው ጋሽ ደቂቃ ነው፣ የሰዓት ካርቶን ክዳን አቁሞ ከጀርባው። ቁጥሩን እሱ ያያል፣ እሱ ይነግረናል፣ እኛም እናምናለን። በአራት ዓመት ውስጥ ከመካከላችን ማንም አልሞተም።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ድልድዩ ነው። የወንዙ አውሬ መጣ፣ ሁለቱ ሸሹ፣ የኔ እንጨት ቆራጭ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቆመ። አውሬው ከአሥራ አንድ በላይ ካመጣ አለቀልኝ። ሦስት ጊዜ ተጣለ። "ስድስት፣ ሳተህ። ዘጠኝ፣ ሳተህ። ሁለት፣ ሳተህ።" እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ ያን ድልድይ ሳይሰማ አልተነሣም። ምላጭ አንገቱ ላይ ስላለ የትም አይሄድማ።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የግድግዳ ሰዓቴ ከጀርባዬ ነው፣ የማየው መስታወቱ ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓት የማነበው ተገልብጦ ነው። ሌላም ልጨምር፤ አናቱ የሳሳበት ደንበኛ ሲመጣ፣ ከኋላ የማሳይበትን የእጅ መስታወት ትንሽ ወደ ላይ ዘንበል አደርገዋለሁ። ራሰ በራው ሳይታየው፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ሥራ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጋሽ ደቂቃ ጀርባ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሎ አገኘሁ። ለጥገና መጥቶ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ነው። መስታወቱ ሰፊ ነው፣ አናቱ ደግሞ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። የጋሽ ደቂቃ ዓይን ስለደከመ ዳይሱ የሎሚ ያህል ነው። ጣለው። መስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ አሥራ ዘጠኝ።

"አራት" አለ። "ሳተህ።"

ሌሎቹ ቢያዩትም አያነቡትም፣ ቁጥሩ የተገለበጠ ነው። እኔ ግን ሥራዬ ነው። ያን ቀን አምስት ጊዜ ዋሸ፣ አንዴም ዓይኑን አላሸም። ድልድዩ ትዝ አለኝ። ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት። ያን ሁሉ ደንበኛ ያደነቆርኩት ለካ በምጽዋት ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን ተውኩ። ለምን ሲሉኝ ሥራ በዛብኝ አልኩ። በዓመቱ ሾፌሩ ልጁ ጋ ሊኖር ሄደ፣ ፋርማሲስቷ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረች። ጋሽ ደቂቃ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አራቱን ወንበር ደርድሮ፣ ክዳኑን አቁሞ፣ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ከፀጉር ቤቴ ሆኜ አየዋለሁ። ማንም ሳይኖር ክዳን ምን ያደርግለታል? አንጀቴን በላው፣ ንዴቴ ግን አልለቀቀኝም።

አንድ ቅዳሜ መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ።

"የኔ ሰውዬ ሞቷል?" አልኩት።

"ኧረ እንዴት ብሎ። ድልድዩ ሥር አስተኝቼዋለሁ፣ እስክትመጣ።"

"ቀስቅሰው። አውሬውንም አምጣ። ክዳኑን ግን አንሣው።"

አየኝ፣ ዞሮ የትልቁን ሰዓት መስታወት አየ፣ ገባው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ክዳኑን መሬት አስቀመጠና ዳይሱን ጠረጴዛው መሃል ጣለው። አሥራ ሰባት። ጣቱ ሳያውቀው ወደ ዳይሱ ሄደ፣ ሊነካው ሲል የእጁን አንጓ ያዝኩት።

"አሥራ ሰባት" አለ ቀስ ብሎ። "ሞተ።"

ተረቱን የሚጽፍበትን ደብተር ዘጋው። "ከእናንተ በፊት አንድ ኤሌክትሪሺያን ይመጣ ነበር" አለኝ። "ያኔ በግልጽ ነበር የምጥለው። ሰውዬው ሞተበት። ሳቀ፣ ጨዋታ ነው ጋሼ ብሎ ጨበጠኝ፣ ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጠም። መምጫ ምክንያቱ ሞተበታ። አንተም አትመጣም።"

"እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ እንዴ? በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ሰው ይዤ እመጣለሁ።"

አልሄድኩም። እውነቱን ልናገር፣ ደንበኛም አልበዛብኝ፣ አልታመምኩም። ያ እንጨት ቆራጭ ከሌለ መሄዱ ታከተኝ። ሁለተኛውም ቅዳሜ አለፈ፣ ሦስተኛውም።

ማክሰኞ ጋሽ ደቂቃ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። "ሥራ እንዴት ነው?" አልኩት። "ሰዓት በዝቶብኛል" አለኝ። መስታወቴ ውስጥ ሱቁ ይታየኛል። ሦስቱ ወንበሮች ተደራርበው ደጅ ቆመዋል፣ ላያቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ተገልብጦም ቢሆን አነበብኩት፤ የሚሸጥ።

እንደምንም ቆርጬ ጨረስኩና የእጅ መስታወቱን አነሣሁ። የጋሽ ደቂቃ አናት የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ያህል ተራቁቷል፤ አሥር ዓመት ሙሉ አሳይቼው አላውቅም። እጄ በራሱ ጊዜ መስታወቱን ወደ ላይ አዘነበለው።

"ፀጉርህ ደህና ነው፣ ጋሼ" አልኩት።

"ቆይ፣ አንድ ደቂቃ" አለና አንጓዬን ያዘኝ። መስታወቱን አላወረደውም፣ ያዘኝ ብቻ። "ፀጉሬን የምታጠበው እኔ አይደለሁም? በእጄ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አሥር ዓመት ዝም አልክ?"

"ደስ ይለኝ ነበር" አለ። "ለኔ ብሎ የሚደክም ሌላ ማን አለ?"

ፎጣውን ከአንገቱ ስፈታ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

"ወንበሮቹን አስገባ" አልኩት። "ቅዳሜ እመጣለሁ። ክዳኑንም መልሰህ አቁመው።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ፣ አንድ አሣ አጥማጅ ወረቀት ላይ ጽፌ። ወንበሮቹ ገብተዋል። የኔና የሱ ቦታ ተለዋውጧል፤ ትልቁ ሰዓት አሁን ከጀርባዬ ነው። ማዕበል ተነሣ፣ ጀልባዬን ሊገለብጣት መጣ። ጋሽ ደቂቃ ከክዳኑ ጀርባ ዳይሱን ጣለና ጥቂት ቆየ።

"ሦስት" አለ። "ሳተህ።"

አመንኩት።