የፍልሰታ ዕለት የመገጭ ልክ

ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ በረዶ እየቀላቀለ ወረደ። እኩለ ቀን ላይ የመገጭ ወንዝ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ያገሳ ጀመር። የዓለምወርቅ አንዴ ትገባለች፣ አንዴ ወጥታ በራፏ ላይ ትቆማለች።

ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት የውሃ መለኪያ እንጨት ቆሟል። ባሏ ፋንታሁን ንዳድ እስኪገድለው ድረስ ጠዋትና ማታ እየወረደ የውሃውን ከፍታ በደብተር ይጽፍ ነበር። እሷም ሁለተኛ ክፍል ላይ ብታቋርጥም ቁጥር ታውቃለችና ሥራው ለሷ ቀረ። ሁለት ልጆቿ የሚያድሩት በዚሁ ሥራ ደመወዝ ነው። በዓል ሲሆን ግን አትጽፍም፤ በፍልሰታ እርሳስ ማንሳት እርፍ እንደ መጨበጥ ነው ብላ ታምናለች።

በማግስቱ ስትወርድ ውሃው ጎድሏል። የአሥራ ስድስትን መስመር ባዶ ተወችው።

በወሩ መጨረሻ የመንግሥት የውሃ ተቆጣጣሪው አቶ ማሩ በማኪና መጣና ደብተሩን ገለጠ።

«ምነው ይኼ ባዶ ሆነ?»

«ፍልሰታ ነበራ።»

«ወንዙም ቅዳሴ ሄዶ ነበር?»

«እሱስ ሲጮህ ነው የዋለ።»

አቶ ማሩ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ስሚኝ እትዬ፣ ይህ ውሃ ጣና ገብቶ፣ ዓባይ ሆኖ ነው የሚወርደው። ግብፅና ሱዳን አምና ለሁለት ተካፈሉት፤ እኛን የጠየቀን የለም። ነገ እንገድብ ስንል ውሃችን ይጎድላል ብለው ይከሱናል። ከኛ ስንት እንደሚወርድ ምስክራችን ይህች ደብተር ናት፤ አንቺ ደግሞ ዋናውን ቀን ዘለልሽው። ሁለተኛ ከዘለልሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። «አባቴ፣ በዓል ልሻር ወይስ ልጆቼን ላስርብ?»

ቄስ ሐብተ ማርያም መለሱላት። «ማየት ሥራ አይደለም። ሄደሽ እዪው፤ በማግስቱ ጻፊው።»

ከዚያ ወዲያ በዓል ዕረፍት መሆኑ ቀረባት። ጠዋት ያየችው ልክ እንዳይጠፋት ቅዳሴ ላይ ቆማ «ሁለት ሜትር ከሠላሳ፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ» ትላለች። አርባ አንዱ እግዚኦታ ሲቆጠር ይደባለቅባታል። ማታ ደግሞ ሌላ ልክ ይደረብባታል።

ጎረቤቷ አየለች አንድ ቀን ጆሮዋን አስጠግታ፣ «አንቺ፣ ለማን ነው የምትጸልዪው?» አለቻት።

«ለመገጭ።»

ስምንት ክረምት እንዲህ አለፈ። ደብተሮቹ ከነባዶዋ መስመር አዲስ አበባ ሄዱ፤ ስለ ግድቡ ተመልሶ የነገራት የለም። መለኪያውን ጎርፍ ሲወስደው ሌላ የተከለ አልመጣም።

የዓለምወርቅ አሁን ከተማ ገብታ አራዳ፣ ልጇ አምሳል ቤት ትኖራለች። ዝናብ ሲጥል ከመደቧ ተነሥታ በር ላይ ትቆማለች።