የመሳቢያው ጭኮ

ስኳር አለብህ ሲሉኝ ከበሽታው ይልቅ ያስደነገጠኝ ዳቦ መተው ነበር። አሰላ ተወልጄ እህል ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጎመን በእንቁላል ሲቀርብልኝ ዋናው ምሳ ገና የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ነርሷ እንጀራ፣ ገንፎና ድንች እንድተው ነገረችኝ። ሥጋ፣ አይብ፣ አቮካዶ፣ ቅቤም ቢሆን ግድ የለም አለች። እኔ ቅቤ ያለችውን አጥብቄ ያዝኩ።

ባለቤቴ አብራኝ ተወች። "አንተ እያየኸኝ እንጀራ አይወርድልኝም" አለች። ጤነኛዋ ሴትዮ ከእኔ ጋር ጎመን ስትበላ ከርማ ቀሚሷ ሰፋት።

በዚያ ሰሞን ጮሌ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አንድ ጣሳ ጭኮ በሾፌር እጅ መጋዘኔ ድረስ ላከችልኝ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ነው፤ እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መላክ ወግ ነው። ላዩ በቅቤ ያብረቀርቃል። ጭኮ እህል ሳይሆን ቅቤ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዕድሜ ልኬን ገብስ ስመዝን የኖርኩት ሰውዬ! ጣሳውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ በየከሰዓቱ በማንኪያ እበላለሁ። ሲያልቅ እህቴ ጋ ደውዬ እጅሽ ይባረክ እላለሁ፤ ሌላ ይመጣል።

ስኳሬ አልወርድ አለ። በቀጠሮው ቀን ነርሷ ምን እንደምበላ ስትጠይቅ ባለቤቴ ፈተና እንደቀረበች ተማሪ አንድ በአንድ ዘረዘረች። መጨረሻ ላይ ድምጿ ሰለለ።

"ጎመኑ ላይ ካሮት ጣል አደርግበታለሁ። እሱ ይሆን እንዴ?"

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። "ከቤት ውጪ የሚቀምሱት ነገር አለ?"

"ወላሂ፣ ምንም!" አልኩ። በአላህ ስም፣ ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ።

ክኒን ተጨመረልኝ። ባለቤቴ ካሮቱን አስወጣች፤ ቀጥላ ሽንኩርቱን ቀነሰች። ወጡ ጣዕም ሲያጣ ደግሞ አይጣፍጥም ብዬ አጉረመረምኩባት። ከመሐላው እኩል የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው። እሷ ግን በእኔ አፍ የሚገባው ሁሉ በእሷ እጅ የሚያልፍ እየመሰላት፣ ገዳዩ እኔው ነኝ ወይ እያለች ትብሰለሰል ነበር። ይህን እያወቅኩ መሳቢያውን መክፈቴን አልተውኩም።

ከዚያ እህቴ ልትጠይቀኝ አሰላ መጣች። አካም ጅርታ ተባብለን ሳንጨርስ ከፌስታሏ አዲስ ጣሳ አወጣች።

"አራተኛውም አለቀ አይደል? እንዲህ ከወደድከው እኔ ምን ቸገረኝ!" አለች በደስታ።

ባለቤቴ ጣሳውን ተቀበለች። ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ መልሳ ከደነችው። ስድብ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን እፎይታ ነበር።

"ታዲያ ካሮቱ አልነበረማ?" አለችኝ።