እንግዳ ሰው ይረዳዋል ወይ?

ቨርና ስቲልትነር ባሏ ከሞተ ወዲህ ሳሎኗን ለጎረቤት ልጆች ለቃለች። በዚያ በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ምሥራቃዊ ሸለቆ እናት ሥራ ስትሄድ፣ ወይም ወጥታ ስትቀር፣ ልጁ የሚውለው ቨርና ቤት ነው። ስትቆጣ ጎረቤት ይሰማታል፤ ስታቅፍ ግን ልጁ ከጉያዋ መውጣት አይፈልግም። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አብልታ፣ ንፍጥ ጠርጋ፣ መዝሙር አስተምራ ለትምህርት ቤት ታደርሳለች። በእሷ እጅ ያላለፈ ጎረምሳ በሸለቆው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

ከሁሉም የምትሳሳው ለብራንትሊ ነበር። አራት ዓመቱ ነው። እናቱ ሱስ ይዟት ከጠፋች በኋላ የሚያሳድጉት አያቱ ዶይል ናቸው፤ ሳንባቸውን የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ጨርሰው የወጡ ሽማግሌ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፤ ግን ግማሹ ድምፅ አፉ ውስጥ ይቀራል። “ኡኣ” ካለ ውሃ ነው፣ “ኤና” ካለ ቨርና ናት። ቨርና አንድም ሳያመልጣት ትሰማዋለች። ባለሱቁም ፖስታ አዳይዋም ለምደውታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ከአውራጃው የምትላክ፣ የልጆችን አነጋገር የምታቃና የንግግር አስተማሪ ቨርና ቤት እየመጣች ከልጆቹ ጋር ትሠራ ነበር፤ ብራንትሊም ከእሷ ጋር መሥራት ገና መጀመሩ ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግዛቱ ልጅ ለሚያውሉ ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መጠይቅ የተጫነበት ታብሌት አደለ። ድሮ እያንዳንዷ ስለ ልጆቹ እንደመሰላት ትጽፍ ነበር። አሁን የከተማውም የገጠሩም ልጅ በአንድ ጥያቄ ይመዘናል፤ የት ምን እንደጎደለ ይታያል፤ እርዳታውም ወደዚያው ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ደግ ነገር ነው። ቨርና ግን ከማብራሪያው ሁሉ የሰማችው “ይመዘናል” የምትለዋን ብቻ ነው። ወንድሟ ሌስተር በልጅነቱ “ዘገምተኛ” ተብሎ ተጽፎበት፣ ትምህርት እስኪያቆም ድረስ ከኋላ ክፍል ተቀምጦ ወረቀት ሲቆርጥ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ለእሷም ለጓደኞቿም ሕጉ አንድ ነው፤ በልጅ ላይ ክፉ አይጻፍም።

“ልጁ ሲናገር እንግዳ ሰው ይረዳዋል?” የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ፣ የብራንትሊን እየሞላች ሳለ፣ ጣቷ ትንሽ ቆመ።

“እዚህ ደግሞ እንግዳ ከየት ይመጣል?” ብላ ለራሷ ሳቀችና “ሁልጊዜ” የሚለውን ነካች።

በረዶው ሲወርድ የንግግር አስተማሪዋ መምጣቷን አቆመች። ቨርና ወደ አውራጃው ቢሮ ደወለች፤ ኬይሊን የምትባል ወጣት አነሳች።

“ሚስ ቨርና፣ እንኳን ደስ አለዎት! የእናንተ ሸለቆ ልጆች በንግግር ከሁሉም በልጠው ነው የተገኙት። አስተማሪዋን ችግሩ ወደባሰበት ቦታ አዛወርናት።”

“የምን መብለጥ ነው የምታወሪው? ብራንትሊ ውሃ እንኳ ማለት አይችልም እኮ!”

“እርስዎ ‘ሁልጊዜ’ ብለዋል።”

“ዋሽቼ ነዋ! በይ አሁን አርሚልኝ።”

“መዝገቡ ተዘግቷል፣ ሚስ ቨርና። እኔም አለቃዬም መክፈት አንችልም። ለብቻው ይታይልኝ ብለው ማመልከት ይችላሉ፤ ግን ወረፋው ከባሰበት ነው የሚጀምረው። እሱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።”

“ተራው ሳይደርስ ትምህርት ቤት ይገባል!”

“አውቃለሁ” አለች ልጅቱ፤ የእውነት አዝና። “ምን ላድርግ?”

ቨርና ቸኩላ ከወንዙ ማዶ ልጅ ወደምታውለው ጓደኛዋ ወደ ኦፓል ደወለች።

“አንቺስ ምን ብለሽ ሞላሽ?”

“ሁልጊዜ ነዋ! ያበድኩ መሰለሽ እንዴ?”

ማታ ልጁን ሊወስዱ ለመጡት ዶይል ሁሉንም ነገረቻቸው። እንዲቆጧት ፈልጋ ነበር። እሳቸው ግን ሳሉ ሳሉና “ተይው፣ አንቺ ልጅ። እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው” አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

የበረዶውን ወራትም ጸደዩንም ቨርና ብራንትሊን መስታወት ፊት እያስቀመጠችው ከንፈሯን እያሳየች ለፋች። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሰለቸው። የማያውቁት ሙያ ደግሞ በፍቅር ብቻ አይሠራም። አመልክታም ነበር፤ መልስ የሰጣት የለም።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዶይል ትንፋሽ ስላጠራቸው እጁን ይዛ የገባችው ቨርና ናት። የክፍሉ አስተማሪ ከሌላ ግዛት የመጣች ፈገግታ የማያልቅባት ሴት ነበረች። ብራንትሊ ቀና ብሎ አንድ ነገር አላት።

“ምን አልከኝ የኔ ማር?”

ደገመላት። ሴትዮዋ አሁንም ፈገግ አለች። ልጁ እንደወትሮው እንድትናገርለት ወደ ቨርና ዞረ።

“ሽንቴ መጣ ነው የሚልሽ” አለች ቨርና። “እንዲህ ነው የሚያወራው። እርዳታ ያስፈልገዋል።”

አስተማሪዋ ታብሌቷን አየች። “እዚህ በንግግር ጎበዝ ነው ይላል። እርስዎ ስለሚናገሩለት ሰንፎ ይሆናል። ይተዉት፣ ከዛሬ ጀምሮ ራሱ ይንገረኝ።” በትህትና በሩን አሳየቻት። ልጁን ግን ያን ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ወሰደችው።

ከሰዓት በኋላ ቨርና ስትመለስ ብራንትሊ የሰው ሱሪ ለብሶ ጠበቃት፤ የራሱን እርጥብ ሱሪ በፌስታል ይዟል። ዶይል ውጭ መኪናቸው ውስጥ ይጠብቁ ነበር።

“እህሳ ጎበዜ! እንዴት ዋልክ?” አሉት።

ልጁ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

ቨርና ከኋላ ወንበር አብራው ተቀመጠችና ጉልበቱን ያዘችው። “ለኔ ንገረኝ። እኔ እሰማሃለሁ።”

ብራንትሊ አያት። ከዚያ ከንፈሩን ገጠመ፤ ቤት እስኪደርሱም ለእሷም ለአያቱም አንዲት ድምፅ አላወጣም።