ለሚሌ መንገድ የተሰፋ ቀሚስ

በእርጥብ አቡጀዲ ላይ የጋለ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ዛሬም በአንዳንድ የልብስ ስፌት ቤቶች ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ይደርስብኛል፤ ያን ጊዜ እግሬን ገታ አድርጌ፣ ሰው እንዳይታዘበኝ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ልብስ የማይ መስዬ፣ ሽታውን በረጅሙ እስባለሁ። እናቴ ጥሩነሽ አዳማ በነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የከሰል ካውያዋን ከአጠገቧ አትለይም። የስፌት መኪናዋን በእግሯ እየረገጠች መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ መኪናው ሲቆም መዝሙሩም ይቆማል፣ ክሩን አስተካክላ ስትመለስ ካቆመችበት ስንኝ ትቀጥል ነበር።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከሞጆና ከአዳማ እየጫነ ወደ አፋር፣ አንዳንዴም እስከ ጅቡቲ ይወርድ ነበር። እናቴ የሁሩታ ልጅ ናት፣ ብርድ ለምዳ ያደገች፤ ስታገባው ስለ ቆላ ልብስ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እሱ በየመንገዱ ያየውን እየነገራት፣ እሷ እየቀደደች እየሰፋች፣ ሁለቱም አብረው ተማሩት። በበጋ፣ ያ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ በር በሚደበድብበት ወር፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲለካ አየው ነበር።

«ብብቱን ሰፋ አድርጊው፣ አየር ይግባበት። እጅጌው ደግሞ እስከ አንጓዬ ይድረስ» ይላታል።

«በዚያ ሙቀት እጅጌ ረጅም?» ስትለው፣ «ፀሐይዋ ቆዳዬን ካላገኘችው ምን ታደርገኛለች?» ብሎ ይስቅ ነበር።

ነጭ፣ ስስ፣ ሰፊ ጥጥ፤ ኮሌታው አንገት እንዲሸፍን ቆም ያለ፤ ከወገቡ በታች ሽርጥ። እኔ ግን እንደዚያ ለብሶ ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ ሳየው አፍር ነበር። የጓደኞቼ አባቶች ጂንስ ታጥቀው ሲሄዱ፣ የእኔ አባት ነፋስ እንደነፋው ድንኳን ተወጥሮ ይመጣል።

ለፋሲካ አክስቴ ከአዲስ አበባ ቀይ የከፋይ ቀሚስ ላከችልኝ። እጅጌ የለውም፣ ወገቡ ላይ ጥብቅ ይላል፣ በመዳፍ ሲዳብሱት አንዴ ይጨልማል አንዴ ይበራል። ቤተ ክርስቲያን ለብሼው ሄጄ ልጆች ሁሉ ሲነካኩት ዋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቴ እጅ የወጣ ልብስ ዓይኔ አልገባ አለ።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ አፋር፣ ሚሌ ላይ ሲሚንቶ አራግፎ ቶሎ የሚመለስበት ሥራ አገኘ። አብሬህ ልሂድ እያልኩ ስለምነው ኖሬ ነበርና «በዚህኛው ትሄጃለሽ» አለኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ አልወደደችውም።

«እኛ ጋ ቢዘንብም ታች እሳት ነው። ልጅቷ ትቃጠልብኛለች» አለች።

«ደህና ልብስ ከለበሰች ለምን ትቃጠላለች? ያውም አንቺ እያለሽ!» አላት።

በዚህ ተሸነፈች። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ነጭ ቀሚስ ሰፋችልኝ፤ እጅጌው ረጅም፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቴን የሚነካ፣ ከሥሩ የሚለበስ ስስ ሱሪ ያለው። ከተረፈው ጨርቅም የራስ ሻሽ አወጣችለት። ከዚያ ተኩሳ፣ በአራት አጥፋ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

«ጠዋት ስለሚበርድ በሹራብሽ ትሄጃለሽ፤ መተሐራ ስትደርሱ ይሄን ትቀይሪያለሽ። ሰማሽ?»

«እሺ እማዬ» አልኩ። ፊቷን ስታዞር ቀዩን ቀሚስ አምጥቼ ከላዩ ጠቀጠቅኩት።

ማለዳ እያካፋ ወጣን። የአባቴ ሁለተኛ ሸሚዝ በዝናቡ ምክንያት ስላልደረቀ ገመድ ላይ ቀርቶ፣ የለበሰውን ብቻ ይዞ ነበር የተነሳው። ወለንጪቲን ስናልፍ ካፊያው ቀረ፤ መተሐራ ስንደርስ ደግሞ ሹራቤ አላስቀምጥ አለኝ። ሻይ ቤት ስንቆም ጓሮ ገብቼ ቀዩን ለብሼ ወጣሁ። አባቴ ብርጭቆውን እንደያዘ አየኝ።

«እናትሽ የሰፋችውስ?»

«እቤት ረሳሁት።»

«እንግዲህ ከመስኮቱ ራቅ በይ» አለኝ። ነጩ ቀሚስ ቦርሳዬ ሥር ነበር።

አዋሽን እስክንሻገር ደስ ብሎኝ፣ በየመንደሩ ሰው ቀሚሴን የሚያይልኝ እየመሰለኝ ተጓዝኩ። ገዋኔን ስናልፍ ግን ከፋዩ ላቤን ጠጥቶ እንደ እርጥብ ቆዳ ገላዬ ላይ ተጣበቀ፣ ወገቤን ጨምቆ ትንፋሽ አሳጠረኝ። እንዳልናገር ውሸቴ ሊታወቅ ሆነ። እንዲህ ሆኜ ሳለ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ጎማ ፈነዳ። አባቴ ጎማውን ሊቀይር ወረደ፣ እኔም ጋቢናው እንደ ምድጃ ስላቃጠለኝ ተከትዬው ወረድኩ። እኩለ ቀን ስለነበር መኪናው እንኳ ጥላ አልነበረውም። ባዶ ትከሻዬና ክንዴ መንደድ ጀመሩ፣ ራሴን አዞረኝ፤ ከዚያ የማስታውሰው የአባቴ የጎማ መፍቻ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ ብቻ ነው።

ስነቃ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ባለች፣ በሰሌን በተሸፈነች ጎጆ ውስጥ ተጋድሜ ነበር። የአባቴ ሸሚዝ በውሃ ርሶ ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ተጠቅልሎብኛል። አንዲት አፋር እናት ከቆዳ እርኮት ውሃ እያፈሰሰች ግንባሬን ታረጥባለች። ባላት ጥቂት አማርኛ አባቴን «ልጅ ለምን ራቁት?» አለችው።

ያንን ሁሉ የኮራሁበትን ከፋይ ለብሼ፣ ራቁት!

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ» አላት አባቴ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ እኔን ለእሷ ትቶ፣ ከወገቡ በላይ እርቃኑን እንደሆነ፣ ወደ ጎማው ተመለሰ። ሸሚዙን ገፍፌ ልሰጠው ስል ሴትዮዋ እጄን ያዘችኝ። በጎጆዋ በር አየው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ከብሎኑ ጋር ሲታገል፣ ያ ሰፊ ጀርባው ለፀሐይ ተሰጥቶ። «አባዬ፣ ቀሚሱ እኮ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» ብዬው ቢሆን ኖሮ እኔ ቀሚሱን፣ እሱ ሸሚዙን እንለብስ ነበር። እኔ ግን እርጥቡን ሸሚዝ እስከ አገጬ ሳብኩት።

አዳማ ስንመለስ ጀርባው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሸሚዙን ለእኔ ትቶ ሚሌ ላይ የገዛት ካናቴራ ስታሻክረው ስለነበር ገና ቤት ሲገባ አውልቋት በደረቱ ተኛ። እናቴ ከግቢያችን ሬት ቆርጣ እየቀባችው «ሸሚዝህስ?» አለችው።

«ጎማ ስቀይር አውልቄው ነው። ሞኝነት ነው» አለ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እናቴ የሚታጠበውን ልታወጣ ቦርሳዬን ከፈተች። ነጩን ቀሚስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ እጥፋቱን በጣቷ ዳበሰችው።

«ይሄ እኔ እንዳጠፍኩት ነው ያለው» አለች ቀስ ብላ።

አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ ቀሚሱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ቦርሳው ውስጥ ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

እናቴ ስትነሳ ልትመታኝ መስሎኝ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። «ተይ፣ ጥሩነሽ» አላት። ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ ስለነበር ምን እንደሚያስብ ማወቅ አልቻልኩም። በመጨረሻ «ነይ ሚሚ፣ ጀርባዬን አራግቢልኝ» አለኝ። የካርቶን ቁራጭ ይዤ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ክንዴ እስኪዝል አራገብኩለት።

«ብትነግሪኝ እኮ አልቆጣሽም ነበር» አለኝ።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ነጩን ቀሚስ ማንም ሳያዘኝ አውጥቼ ለበስኩት። የሰፈር ልጆች «ነርሷ መጣች» እያሉ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን እናቴ ጫፉን እየቀጠለችልኝ፣ መቀጠል እስከማይቻል ድረስ ለበስኩት። ከፋዩን እናቴ አልቀደደችውም፣ አልደበቀችውም፤ እኔው ነኝ ዳግም ያልጠየቅኩት። በቀጣዩ በጋ አባቴ በረንዳው ላይ ሲለካ ሜትሩን የምይዘው እኔ ሆንኩ። ጀርባው ላይ የቆሰለው ቦታ ነጣ ነጣ ብሎ ቀርቶ ነበር፤ ሜትሩን እዚያ ላይ ሳሳርፍ እጄን ቀለል አደርግ ነበር።

አሁን ሁለቱም የሉም። አባቴ ቀድሞ ሄደ፣ እናቴም ብዙ አልቆየችም። ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ ጥናት በመሆኑ በዓመት ብዙ ጊዜ በዚያው መንገድ እወርዳለሁ። መኪናችን ቀዝቃዛ አየር አለው፤ ባልደረቦቼ ጠባብ ሱሪና ካናቴራቸውን እንደለበሱ ተኝተው ይደርሳሉ፣ ጎማ የሚቀይርልንም ሹፌሩ ነው። ክፉ ነው አልልም፤ ያ መንገድ ብዙ ሰው አድክሟል። ከመነሳቴ በፊት ስልኬን ስከፍት የሚሌን ሙቀት በቁጥር ይነግረኛል። ያኔ ቁጥሩን የሚያውቅ ከቤታችን አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን ሁለት ሰዎች ስለ እኔ ቆዳ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። አሁን ሁሉን አውቄ፣ ሁሉን ይዤ እወጣለሁ፤ በሩን ቆልፌ ስሄድ «ምን ለብሰሽ ነው የምትሄጂው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።