የቃሬዛው ማኅበርና አንቀጽ ሁለት

በደርግ ዘመን ደባርቅ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ ከአዲስ አበባ የመጣ መመሪያ ሰጡኝና «የበጎ አድራጎት ማኅበራት ጉዳይ ያንተ ነው» አሉኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «መመሪያው ውስጥ አለ» ብለው ወጡ።

የተማርኩት ዳዊት እስከ መድገም ድረስ ነው፤ ሕግ ያነበብኩት በራሴ ነው። ስለዚህ ከፊት ጀመርኩ። አንቀጽ ሁለት ትርጓሜ ነው፦ «ተቆጣጣሪ ማለት ማኅበራትን እንዲመዘግብ፣ እንዲቆጣጠርና እንዲያፈርስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ወይም እርሱ በጽሑፍ የወከለው አካል ነው።» የውክልና ደብዳቤ በየፋይሉ ፈለግሁ። የለም። ውክልና እንዲሰጠን በኃላፊዬ ፊርማ ጠየቅን። መልስ አልመጣም።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ አያ ደስታው ነበሩ፤ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ያለ የአንድ መንደር የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ። እዚያ ሰው ሲታመም ጥሩምባ ይነፋል። አባላቱ ሞፈራቸውን ጥለው በሽተኛውን በቃሬዛ ደባርቅ ያወጡታል። በጋራ ጎተራ ያለው ማሽላ የተሸካሚ ስንቅና የበሽተኛ ቀለብ ነው።

«መዝግበን» አሉኝ።

«አልችልም፤ ተቆጣጣሪው እኛ አይደለንም።»

«ማነው ታዲያ?»

«አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ነው።»

«በሽተኛውን ደባርቅ ለማድረስ ወገባችን ተቆረጠ። ወረቀቱን ደግሞ አዲስ አበባ በቃሬዛ እናድርሰው?»

አልሳቅሁም። ደጋግመው መጡ፤ ያንኑ መለስኩላቸው። ሚስቴ «ሽማግሌ ታንከራትታለህ» አለችኝ። እሷ መመሪያውን አላነበበችም።

ከዚያ መንግሥት ከገበሬው እህል የሚሰበስብበት ዘመቻ መጣ። ኃላፊዬ ጠሩኝ።

«ያልተመዘገበ ማኅበር ይፈርሳል፤ ንብረቱም ይወረሳል ይላል መመሪያው። የቃሬዛውን ጎተራ እንረከባለን። የማፍረሻውን ደብዳቤ ጻፍ።»

«አልችልም፣ ጓድ። የሚያፈርሰው ተቆጣጣሪው ነው። አንቀጽ ሁለት።»

«እኛስ ምንድን ነን?»

«መመሪያው አይልም።»

«ሰዎቹ ዘመዶችህ ናቸው?»

«አይደሉም። ስንት ጊዜ መልሻቸዋለሁ፤ የመለስኳቸውም በዚሁ መስመር ነው። ለመመዝገብ ካልበቃን ለማፍረስም አንበቃም። ውክልና እንደሌለን እርስዎም ጽፈው ፈርመዋል።»

በዚያን ጊዜ ለኃላፊ እንዲህ መመለስ ያሳስር ነበር። ኃላፊዬ መመሪያውን ተቀብለው አነበቡት። መልሰውም ዘጉት።

«የአዲስ አበባ መልስ እስኪመጣ ይቆይ» አሉ።

መልሱ ሳይመጣ እኔ ወደ አዲ አርቃይ ተዛወርኩ።

የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወርድ አንድ ጥምዝ ላይ ቆመ። ከታች ቃሬዛ እየመጣ ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት ተኝታበታለች፤ ሽቅብ የሚሄድ መኪና ስላላገኙ በትከሻቸው ይዘዋት ወጥተዋል። አያ ደስታው ከፊት ናቸው። የጎተራው ወሬ ደርሷቸው ኖሮ እንዳዩኝ ጮኹ፦

«አንተ ሰው! አልመዘገብከን፣ አላፈረስከን። ደመወዝ የምትበላው ለምንድን ነው?»

«ለማንበብ ነው፣ አያ ደስታው።»

«በል እንግዲህ እያነበብህ መንገድ ልቀቅ!»

ወረድኩና ዳር ቆምኩ። ስንቃቸውን የያዘው ስልቻ አጠገቤ አለፈ፤ ሙሉ ነበር። ሴትዮዋ ደባርቅ ደርሳ በሰላም መገላገሏን በኋላ ሰማሁ።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ምን ማድረግ እንደሚችል ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሕጉ ማን ብሎ እንደሚጠራው አንብቡ። ትርጓሜ ከፊት የሚጻፈው ቀድሞ እንዲነበብ ነው።