አፌ ላይ የቀረችው አንዲት እሺ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ኮልፌ ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ አቡጀዲ ስለካ መቀሱ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልኩ፤ እጁ የሌላ ሰው እጅ ሆኖብኛል።

«ኧረ ጋሽ ከድር፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ ደንበኛዋ።

ልመልስላት ፈለግኩ። የወጣው «እሺ» ነው። ደግሜ ሞከርኩ። «እሺ።» ሌላ ቃል የለም።

ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ለባለቤቴ ለሐዋ «አፌዥያ ይባላል» አላት። «ይሰማሉ፣ ያስባሉ፤ ቃሉ ነው አልወጣ ያላቸው።»

ፊደሉም አብሮ ጠፍቷል። ነርሷ ካርቶን ላይ ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤትና ሕመም ሥላ ሰጠችኝ፤ በግራ እጄ እጠቁማለሁ። ደግ ሴት ናት። ካርቶኗ ግን መለመን እንጂ እምቢ ማለት አያውቅም።

ቤቴ ስመለስ ጠያቂ ሞላ። አንዱ ደላላ ነበር። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት «ጋሽ ከድር፣ እንግዲህ ካልቻሉ ሱቁን ላገኘሁት ገዢ አይሸጡለትም?» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

ደነገጥኩ። አልሸጥም ልል ነበር። ደገመልኝ።

«እሺ።»

«ሰማችሁ አይደል? በአፋቸው ነው ያሉት!»

በእኛ ገበያ ሽማግሌ ፊት የወጣ እሺ ከፊርማ አያንስም። ሃያ ዓመት የቆምኩበት ሱቅ በገዛ አፌ ሄደ። አልጋውን በቡጢ መታሁ። ደስ ብሎት ነው አሉ።

ሐዋ ግን ፊቴን አየች። ሰው ሲወጣ ካርቶኑን አመጣችልኝ፤ የምጠቁመው አጣሁ። አጠገቤ ከነበረው የጨርቅ ናሙና ጥቁሯን ቁራጭ ስቤ ውሃው ሥዕል ላይ ጣልኩ። ውሃ አመጣችልኝ። ብርጭቆውን ገፋሁና ጥቁሯን አሳየኋት።

«እምቢ ናት!» አለች። ካርቶኑ ጥግ ላይ ሰፋቻት።

በነጋታው ሁሉንም አስጠራቻቸው፤ ጥቁሯ እምቢ ማለት መሆኗንም ነገረቻቸው። ደላላው ጥያቄውን ደገመ። አፌ «እሺ» አለ፤ ጣቴ ጥቁሯ ላይ አረፈ።

«አፋቸውን ልመን ጣታቸውን?» ብሎ ሳቀ።

ትልቁ ሽማግሌ ጢማቸውን እያሻሹ «ከድር፣ እኔ ሴት ነኝ?» አሉኝ።

«እሺ።» ጣቴ ጥቁሯ ላይ።

«አንተስ ከድር ነህ?»

«እሺ።» ጣቴን ከጥቁሯ አነሳሁ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ያሰበውን የሚናገረው ጣቱ ነው። ሽያጩ ቀርቷል» አሉ።

ከዚያ እኔና ሐዋ ካርቶኑን በጣውላ ቀይረን፣ ለ«ድገመው» ጆሮ፣ ለ«ቆይ» መዳፍ እየጨመርን፣ ያልሠራልንን እየነቀልን ወራት ገፋን፤ ቃሎቼም ያለ ወረፋ፣ ደስ ባላቸው ቀን እየመጡ ይኸው ዛሬ በግራ እጄ ይህን እስከ መጻፍ ደረስኩ።

ነርሷን አመሰግናለሁ፤ የሐዋን ውለታ ግን ቃል ሁሉ ቢመለስልኝም አልጨርሰውም። ቤታችሁ አፉ የተያዘ ሰው ካለ፣ መናገሪያ ስትሠሩለት ከሁሉ በፊት እምቢ የሚልበትን አድርጉለት። ውሃማ ሳይጠይቅም ይሰጡታል።