ፍሪጁ ከተነሳ በኋላ

አከራዬ እማማ የስኳር መርፌ መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡት በእኔ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ ዝም ሲል፣ እሱን የሚያስነሳው ሪሌ የሚባለው ትንሽ ዕቃ መቃጠሉን አወቅኩ፤ ሲነቀንቁት ውስጡ ይንኳኳል። መለዋወጫው የሚገኘው ከከተማችን የድንበሩን ኬላ ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል ነው፤ ኬላው ደግሞ ድንበሩ ላይ በተነሳ ተኩስ ምክንያት ተዘግቶ ሰነበተ። የቆርቆሮ ቤቴ እንደ ምድጃ ጋለ።

ሲከፈት ገዝቼ መጣሁ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ከዚያ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ሰካሁ። ሞተሩ ተነሳ፤ እማማ መረቁኝ። የመድኃኒታቸውን ብልቃጥ ወደ ብርሃን ሳነሳው ግን ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ ውስጥ ነጫጭ ቅንጣቶች ነበሩ።

"አሁን ይቀዘቅዛል አይደል?"

"እማማ፣ የረጋ ወተት ቢቀዘቅዝ መልሶ እንደታለበ አይሆንም።"

"የረጋውንማ እጠጣዋለሁ። ይህንንስ ምን ላድርገው?"

ከተማው ውስጥም ሆነ ከኬላው ማዶ ሌላ መድኃኒት እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ብልቃጡን ከእጄ ወስደው ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጡትና በሩን ዘጉት።